ምዕራፍ ስድስት፦ ሕሙም ለሕሙም ሲናገር

መጠጥን ለመተው ቈርጦ የተነሣ ሰው፣ ሌሊቱን ከኅሊናው ጋራ ሲሟገት አድሮ፣ የስብሰባውን ቦታና ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከያዘ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ድል የሚሆነው በጠርሙሱ ፊት ሳይሆን በበሩ ፊት ነው። መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ያቆማል፤ ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን ደረጃ በሩቁ ይመለከታል፤ ሁለት ሦስት ሰዎች እየተጨዋወቱ፣ አንዳንዶቹም እየሳቁ ሲገቡ ያይና «እነዚህስ እንደ እኔ የወደቁ አይመስሉም» ይላል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሳምንቱም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ምዕራፍ በዚያች መኪና ውስጥ ለተቀመጠው ሰው፣ እርሱንም ቤት ሆና ለምትጠብቀው ሚስት ወይም እናት የተጻፈ ነው፤ ከደረጃው በታች ያለው ክፍል ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደ ጀመረው፣ ስለ ምንስ እንደሚሠራ አስቀድሞ ያወቀ ሰው እግሩ እንዲቀልለው በማሰብ።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት አክሮን የምትባል፣ በጎማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ አለች። በ1935 ዓ.ም. በሜይ ወር (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ዊልያም ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ አንድ ኩባንያ ለመቆጣጠር በተነሣ ክርክር ምክንያት ወደዚያች ከተማ መጥቶ ነገሩ ሳይሳካለት ቀረና፣ ሜይፍላወር በሚባለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ሲንቈራጠጥ ዋለ። ዊልሰን በመጠጥ ጠንቅ ሥራውንም ክብሩንም ያጣ፣ በኒውዮርክ ታውንስ በሚባለው ሆስፒታል እየደጋገመ የተኛ፣ ከ1934 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ወዲህ ግን ለአምስት ወር ያህል አንዲት ጠብታ ያልቀመሰ ሰው ነበር። ከአዳራሹ በአንደኛው ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል፤ በሌላው ወገን ስልክና የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ይገኛል። ወደ ሳቁ ገብቶ ለስላሳ መጠጥ ብቻ ይዞ ለመቀመጥ አሰበ፤ ያ ሐሳብ ወዴት እንደሚያደርሰው ስለሚያውቅም ፈራ፤ ፈርቶም ወደ ስልኩ ሄደ። ለአንድ ቄስ ደውሎ የለመነው ግን ጸሎት እንዲደረግለት ወይም ምክር እንዲሰጠው አልነበረም፤ እርሱ እንዳይጠጣ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲፈለግለት ነበር እንጂ።

በዚህ ልመና ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር በእርሱ ውስጥ አለና። ዊልሰን ኒውዮርክ ሳለ በነዚያ አምስት ወሮች ሰካራሞችን እየፈለገ ሲገሥጽና ሲሰብክ ቆይቶ ነበር፤ ከሰሚዎቹ አንድ ስንኳ መጠጡን አልተወም። ነገር ግን ሰባኪው ራሱ ሳይጠጣ ቆየ። እንግዲህ በአክሮን አዳራሽ ውስጥ የተገለጠለት ነገር ይህ ነው፦ የሚያነጋግረው ሰው ለእርሱ እንደሚያስፈልገው፣ እርሱም ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚያስተምር መምህር ሳይሆን በአንድ አልጋ ላይ እንደ ተኙ ሁለት ሕሙማን መሆኑ ነው። ሐኪም ስለ በሽታው ያውቃል፤ ካህን ስለ ኀጢአቱ ያውቃል፤ ሚስት ስለ ጥፋቱ ከሁሉም ይበልጥ ታውቃለች፤ ነገር ግን ንጋት ላይ በባዶ ሆድ፣ ማታ የማለውን መሐላ እያስታወሰ፣ እጁ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ቆሞ መመልከት ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ያ የደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

በሰዎች አገናኝነት ዊልሰን ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋራ ተገናኘ። ዶክተር ስሚዝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበርና ስለ አልኮል መርዝነት ከእንግዳው ይልቅ የተማረ ነበረ፤ ኦክስፎርድ ግሩፕ በሚባል የክርስቲያኖች ስብስብ ውስጥም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጸልዮአል፣ አንብቦአል፣ ከዚያም ሁሉ ጋራ ጠጥቶአል። በሚስቱ ልመና ሲመጣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ እንደማይቀመጥ ቃል አስገብቶ ነበር፤ የተነሣው ግን ስድስት ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ ነው። ኋላ ስለዚያች ማታ ሲጽፍ እንደ ተናገረው፣ ዊልሰን የነገረው ነገር አዲስ ትምህርት ስለ ሆነ አልነበረም የተነካው፤ ስለ መጠጥ ሲያወራ ከገዛ ሕይወቱ የሚያውቀውን የሚያወራ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ስላገኘ ነው። ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። ጁን 10 ቀን 1935 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ሥራው ሊሄድ ሲል እጁ እየተንቀጠቀጠ ቢያስቸግረው፣ ዊልሰን ራሱ አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጠው፤ ያም ጠርሙስ በ1950 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ የመጨረሻው ሆነ፤ ኋላ ከዚህ የተነሣው ማኅበርም የተመሠረተበት ቀን ብሎ የሚያከብረው ያን ዕለት ነው።

ስለዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ ግን ወደ ፊት ሳናልፍ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው በመልካም ፈቃድ ተነሥቶ ሕይወቱን ያጣበት ስለ ሆነ። ለብዙ ዘመን በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከጥቂት ሰዓቶች ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ በአንዳንዱ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይደርሳል፤ ከዚያም እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ይመጣበታል፤ ይህም የመጨረሻው ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። ቤተሰቡ መንፈስ ተነሣበት ብሎ ሊያስረው ወይም በክፍል ሊዘጋበት የሚቸኩልበት ሰዓት ምናልባት ወደ ሆስፒታል መሮጥ የሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ካልጠጣ እጁ የማይጸናለት ሰው፣ ወደ ስብሰባም ሆነ ወደ ጠበል ከመሄዱ በፊት፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይቀንስ ለሐኪም ይንገር። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ ያሻግረዋል። ይህን ማድረግ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የስብሰባው ሽማግሎችም አዲስ መጤው ሲንቀጠቀጥ ባዩት ጊዜ የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ወዲያውኑ ሦስተኛ ፍለጋ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄዱ፤ በዚያም ከአልጋው ጋራ ታስሮ የነበረ አንድ ሕግ ዐዋቂ አግኝተው አነጋገሩት፤ እርሱም ተነሥቶ ዳግመኛ ሳይጠጣ ኖረ። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ሲጠራ በ1939 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከመጽሐፉም ርእስ የማኅበሩ ስም ወጣ፦ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ትርጓሜውም ስማቸውን የማይገልጹ የመጠጥ ሱሰኞች ማለት ነው፤ በየአገሩ ያለ ሰው አሳጥሮ ኤኤ ይለዋል። በ1941 ዓ.ም. አንድ ታላቅ መጽሔት ስለ እነርሱ ሰፊ ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ 2,000 ያህል የነበሩት አባሎች በዓመቱ መጨረሻ 8,000 ደረሱ።

ነገር ግን ሰካራሞች ለመዳን ሲሰበሰቡ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1840 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተማምለው የዋሽንግተን ማኅበር የተባለውን መሠረቱ፤ እነርሱም እያንዳንዱ ታሪኩን በአደባባይ እየተናገረ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከተሉ። ሆኖም ፖለቲከኛውም፣ የመጠጥ ክልከላ ሕግ ይውጣ ባዩም፣ ዝና ፈላጊውም ገባበትና ማኅበሩ እንደ ተነሣ ፈጥኖ ወደቀ። የኤኤ ሰዎች ይህን ታሪክ ያውቁ ስለ ነበር፣ በ1950 ዓ.ም. በክሊቭላንድ ከተማ ባጸደቋቸው ዐሥራ ሁለት ትውፊቶች ራሳቸውን አሰሩ፦ በውጭ ጉዳይ ላይ አስተያየት አይሰጡም፤ ከውጭ ሰው ርዳታ አይቀበሉም፤ በጋዜጣና በራዲዮ ፊት ስማቸውን አይገልጹም፤ ለአባልነት የሚጠየቀውም ነገር መጠጥ የማቆም ፈቃድ ብቻ ነው። አዲስ መጤው በበሩ ሲገባ መታወቂያ የማይጠየቀው፣ መዝገብ ላይ የማይጻፈው፣ መዋጮ የማይገደደው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚዞረው ቅርጫት ለቡናውና ለቤቱ ኪራይ ነው፤ እንግዳ የሆነ ሰው ቢያሳልፈው ማንም አይታዘበውም።

ስብሰባውን ማግኘት ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ከተሞች የማኅበሩ ማእከላዊ ቢሮ አለ፤ በስልኩም የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ሳይሆን ራሱ መጠጥን የተወ ሰው ነው፤ የሰፈሩን ስም ብቻ ቢነግሩት በዚያው ቀን ማታ የሚደረገውን ስብሰባ ያመለክታል፣ ብቻውን መግባት ለሚፈራም ሰው በር ላይ የሚቀበለውን ይልክለታል። በእጅ ስልክ የሚጫን የስብሰባዎች ማውጫም አለ። በዚያ ዝርዝር ላይ አንባቢው ሁለት ቃላት ያገኛል፦ ክፍትና ዝግ። ክፍት በተባለው ስብሰባ ማንም ሰው፣ ሚስትም ሆነ ጓደኛ ወይም ተማሪ፣ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ ዝግ በተባለው ግን የሚገቡት ራሳቸው መጠጥ ያስቸገራቸው ብቻ ናቸው። ለሴቶች ብቻ፣ ለጀማሪዎች ብቻ፣ ወይም መጽሐፉን ለማንበብ ብቻ የሚደረጉም አሉ። አንዱ ስብሰባ ከሌላው፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ከሌላው እንደሚለይ ሁሉ፣ በጠባይ ይለያያል፤ በአንዱ ሳቅ ይበዛል፣ በአንዱ ጸጥታ፣ በአንዱ ሽማግሌዎች፣ በአንዱ ወጣቶች። ስለዚህ አንዱን አይቶ «ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚል ሰው ገና ምንም አላየም ማለት ነው፤ ስድስት ያህል የተለያዩ ስብሰባዎችን ሳያዳምጥ እንዳይፈርድ እመክራለሁ።

አሁን እንግዲህ ያን በመኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ይዘን እንግባ። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርበት ከተማ ነው እንበል፤ ሰዓቱም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ክፍሉ የልጆች ሰንበት ትምህርት የሚሰጥበት ምድር ቤት ሊሆን ይችላል፤ የሚታጠፉ ወንበሮች በክብ ወይም በረድፍ ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ትልቅ የቡና ማፍያ ይንተከተካል። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይነግረዋል፤ የአባቱን ስም የሚጠይቀው የለም። ስብሰባው የሚመራው ተራው በደረሰ አባል ነው እንጂ አለቃ የለበትም። በመጀመሪያ አጭር መግለጫ ይነበባል፤ ከዚያም አንድ ሰው ተነሥቶ ስሙንና የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን ይናገራል፤ ሁሉም በስሙ ጠርተው ሰላም ይሉታል። ተናጋሪው እንዴት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ደረሰበት፣ አሁን እንዴት እንደ ሆነ ያወራል። ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ለእኛ ለውይይት ለለመድነው ሰዎች እንግዳ የሚሆንብን ነገር፣ በመካከል ገብቶ የሚመክር፣ የሚከራከር፣ የሚያጽናና እንኳ አለመኖሩ ነው፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ያዳምጡታል፣ ተራውም ወደሚቀጥለው ያልፋል። አዲስ መጤው መናገር ካልፈለገ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይበቃዋል። በመጨረሻም ለመጀመሪያዋ ቀን፣ ለመጀመሪያው ወር፣ ለዓመቱ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ምልክት ይሰጣል፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ሲቀበል ከሚጨበጨበው ይልቅ ሃያ አራት ሰዓት ብቻ የሞላው ሲቀበል የሚጨበጨበው ይበረታል። ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እውነተኛው ጨዋታ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ ወንበሩ ሲሰበሰብና ኩባያው ሲታጠብ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እንግዳው ቶሎ ባይሄድ፣ ይልቁንም አንድ ወንበር ቢያጥፍ ይሻለዋል፤ ስልክ ቁጥርም የሚሰጡት ያን ጊዜ ነው። እንደ ልማዱ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ይለዋወጣል፤ ይህ ልማድ በከንቱ አልመጣም፤ ለአዲስ መጤዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ልባቸው በተሰበረበት ሰዓት ቀርቦ የሚያግባባ ሰው በየትኛውም ስብስብ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ነው።

የእኛን ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያግደው ቋንቋ ወይም መንገድ አይደለም፤ ገመና ነው። ለሞት ዕድር አለን፣ ለገንዘብ ዕቁብ አለን፣ ለጻድቃንና ለሰማዕታት መታሰቢያ ጽዋ አለን፤ ነገር ግን ሰው በገዛ አፉ ውድቀቱን በእኩዮቹ ፊት የሚናገርበትን ማኅበር አልለመድንም። ያባቶቻችን ምሳሌ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል፤ ሆኖም ይህንኑ ምሳሌ የሚጠቅሰው ቤተሰብ አባት በየማታው ሲወድቅ «ደክሞት ነው» እያለ ይሸፍናል። በባዕድ አገር ያለ ማኅበረሰብ ደግሞ ትንሽ ነውና ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ የታክሲ ነጂው የነርሷ ወንድም ነው፣ ነርሷ የቄሱ ክርስትና ልጅ ናት። የሴቲቱ ኀፍረት ከወንዱ ይበልጣል፤ መጠጥ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሙስሊም ወንድማችን ደግሞ ሁለት ሸክም ይሸከማል። ለዚህ ፍርሃት የሚሰጠው መልስ ሐቀኛ መሆን አለበት፦ የማኅበሩ የምሥጢር ሥርዓት የሐኪምን ያህል በሕግ የታሰረ አይደለም፤ የሚጠብቀው የአባሎቹ ኅሊና ነው፤ ስለዚህ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ነገር ያለበት ሰው እርሱን ለጠበቃው ወይም ለንስሐ አባቱ ያቆየው። ስለ ተራው ገመና ግን፣ ከሰፈሩ ራቅ ያለ ስብሰባ መምረጥ ይቻላል፤ በዝግ ስብሰባ ውስጥ የአገሩን ሰው ፊት ለፊት ቢያገኝም፣ ያ ሰው የመጣው እርሱ በመጣበት ጉዳይ እንደ ሆነ ያስታውስ።

ሁለተኛው ጥርጥር የእምነት ነው። ማኅበሩ ዐሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ በእነዚህም ውስጥ እግዚአብሔር ይጠራል፣ እያንዳንዱ በሚረዳው መጠን ነው የሚል ቃል ግን ተጨምሮበታል፤ አንዳንድ ሰው ይህ ሌላ ሃይማኖት እንዳይሆን ይፈራል። ደረጃዎቹን ያነበበ የኦርቶዶክስ ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር ያገኛል፦ ድካምን ማመን፣ ራስን መመርመር፣ ጥፋትን ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ። ልዩነቱ የሚናዘዙለት ሰው ካህን መሆን የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ አንዱም ሌላውን አይሽርም፤ የንስሐ አባት ሥርየትን ይሰጣል፣ በስብሰባው ያለው ሽማግሌ ደግሞ «እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር» ይላል፤ ይህን ሁለተኛውን ቃል ካህኑ፣ እጅግ ቅዱስ ቢሆን እንኳ፣ ሊሰጠው አይችልም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ስፖንሰር ይሉታል። ከልቡ ለመተው የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የሚወደውን ሳይሆን የሚያምነውን አንዱን መርጦ፣ በየቀኑ እየደወለ፣ ደረጃዎቹን ከእርሱ ጋራ ይሄድባቸዋል። በዘጠና ቀን ዘጠና ስብሰባ የሚል ልማድም አለ፤ ሕግ አይደለም፣ ነገር ግን ምሽት የሚባለውን አደገኛ ሰዓት በሌላ ነገር መሙላት ስለሚያስፈልግ የወጣ ጥበብ ነው።

በእርግጥ ይሠራልን? የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን በምስክርነት ብቻ ሲመለስ ኖሯል። በ2020 ዓ.ም. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት 27 ጥናቶችን፣ በእነርሱም ውስጥ 10,565 ሰዎችን መርምሮ፣ በሥርዓት ወደ ኤኤ እንዲገቡ የተደረጉ ሰዎች ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች ይልቅ ፈጽሞ ሳይጠጡ የመቆየታቸው ነገር እንደሚበልጥ ገለጸ፤ በአንድ ዓመት መጨረሻ በአንደኛው ወገን ከመቶው 42፣ በሌላው ከመቶው 35 ያህል ሳይጠጡ ተገኝተዋል። ይህን ቍጥር እኔ የማነበው በሁለት በኩል ነው፦ ነጻ የሆነ፣ በየሰፈሩ የሚገኝ ነገር ደመወዝ ከሚከፈልበት ሕክምና መብለጡ ታላቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከመቶው ከግማሽ የሚበልጠው በዚያ ዓመት ውስጥ መውደቁም እውነት ነው። ስለዚህ የወደቀ ሰው ወደዚያው ክፍል ሲመለስ ማንም «የት ነበርህ» ብሎ አይገሥጸውም፤ ቀኑን ከአንድ ይቈጥራል። ሐኪምም ምኞትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች ቢያዝለት፣ ስብሰባውን አይቃረንም። የማኅበሩ የሃይማኖት ጠረን ፈጽሞ ለማይስማማው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል፣ በሐሳብ ልማድ ለውጥ ላይ የተመሠረተ ሌላ ስብስብ አለ፤ ለሴቶችም ጂን ከርክፓትሪክ የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1975 ዓ.ም. የመሠረተችው ማኅበር ይገኛል። እነዚህን በአጭሩ የማልፋቸው ስለማልወዳቸው ሳይሆን፣ በየሰፈሩ የመገኘታቸው ነገር ከኤኤ ጋራ ስለማይተካከል ነው።

ቤት ውስጥ ለቀረችው ሚስትም የራሷ ክፍል አላት። የዊልሰን ባለቤት ሎይስ ባሏ ከዳነ በኋላ እንኳ የራሷ ቍጣና ሐዘን እንዳልዳነ ስላየች፣ በ1951 ዓ.ም. ከአንዲት ሌላ ሴት ጋራ ሆና አል-አኖን የተባለውን የቤተሰቦች ማኅበር አቋቋመች። በዚያ የሚሰጠው ትምህርት ባልን እንዴት ማስተው እንደሚቻል አይደለም፤ ስለ እርሱ ለአሠሪው በውሸት መደወል፣ ዕዳውን በምሥጢር መክፈል፣ ጠርሙስ መፈለግና መድፋት ለማንም እንዳልጠቀመ ማየት ነው እንጂ። ባሏ ለመሄድ ባይፈቅድም እርሷ መሄድ ትችላለች፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የቤቱ ለውጥ የሚጀምረው በዚህ በኩል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ፈተና ግን የሚመጣው በወዳጅ እጅ ነው። ጽዋው በዞረበት ማኅበር፣ በሠርጉ፣ በተስካሩ፣ አክስቲቱ ጠላውን በብርጭቆ ሞልተው «በሞቴ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ፉት በልልኝ» ሲሉ፣ ይህ ክፋት አይደለም፣ ፍቅራቸውን የሚገልጹበት ሌላ ቋንቋ ስላልተማሩ ነው። ለእርሳቸው ስለ ዐሥራ ሁለቱ ደረጃዎች መተረክ አያስፈልግም። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ቡናዎን ግን እጠጣለሁ» ማለት ይበቃል፤ ውሸትም አይደለም። ነገሩን የሚያውቅ ዘመድ በዚያ ካለ አስቀድሞ ከጎኑ ይቀመጥና ብርጭቆውን ይቀበልለት። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከማይቀርበት ሐዘን በቀር ከድግስ ሁሉ ቢቀር፣ ወዳጅ ለጥቂት ጊዜ ይቀየማል፣ ኋላም ይረሳል።

በአማርኛ የሚደረግ ስብሰባ በአቅራቢያው ያላገኘ ሰው፣ በዋሽንግተንም ይሁን በሮም፣ በቴል አቪቭም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ስለ ማኅበሩ ሥርዓት አንድ ነገር ይወቅ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መጠጥን ለመተው ብለው ከተሰበሰቡ፣ ሌላ ነገር ሳይቀላቅሉበት፣ ራሳቸውን የኤኤ ጉባኤ ብለው መጥራት ይችላሉ፤ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለም፣ የሚሾም አለቃ የለም፣ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ዊልሰንና ዶክተር ስሚዝ በአክሮን ሲጀምሩ ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበራቸውም፤ በዶክተሩ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቀመጡ ቡና እየጠጡ ነበር የሚነጋገሩት። በእንግሊዝኛው ስብሰባ ውስጥ ወራት ያሳለፈና በልቡ ያለውን በልጅነት ቋንቋው ለመናገር የናፈቀ ሰው፣ እንደ እርሱ ያለ አንድ የአገሩን ልጅ ካገኘ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይጥራው። ጀበናውን ይጣዱ፤ ስልካቸውን ይዝጉ፤ ያችን አጭር መግለጫ በአማርኛ አድርገው ያንብቧት። አቦሉ ሲቀዳ አንዱ ይጀምር፤ መጨረሻ የጠጣበትን ሌሊት፣ ያን ጊዜ ለልጁ የነገረውን ውሸት፣ ጠዋት ሲነጋ በመስኮት ያየውን ነገር ይናገር። ሌላው አያቋርጠውም፣ አይመክረውም፤ ቶናው እስኪደርስ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ተራው የእርሱ ነው።